የሳሌም ኮረብታ፤ የአንድ አውራጃ ታሪክ እንዴት ይጠበቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የአንድ አገር ታሪክ በብዙ ዓይነት ሰዎች እጅ ይጠበቃል። ነገሥታቱንና ሕጉን፣ ጦርነቱንና ውሉን የሚጽፉ ሊቃውንት በየዋና ከተማው ይገኛሉ። ነገር ግን የጥንቱ ወፍጮ የት ላይ እንደ ነበረ፣ ድልድዩን ማን እንዳሠራው፣ ያ ጉብታ ስለ ምን በዚያ ስም እንደ ተጠራ፣ በመንደሩ የሚነገረውም ተረት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ዋና ከተማ ቢሄድ መልስ አያገኝም። ይህን የሚያውቁት የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ እነርሱም ሳይጽፉት የቀሩ እንደ ሆነ ዕውቀቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ይቀበራል።

ዛሬ የምናገረው ይህን ጥፋት ለመከላከል በአሜሪካ አገር ስለ ተቋቋሙት የአውራጃ የታሪክ ማኅበራት ነው። ስለ ሁሉም መናገር ጊዜው ስለማይበቃ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘውን የኤሴክስን አውራጃ ለምሳሌ መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት በዚያ አውራጃ 19 ሰዎች ያለ በደላቸው የተሰቀሉበት ቦታ የት እንደ ሆነ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ከኖረ በኋላ፣ የጽሑፍ መዝገብና የአፍ ታሪክ ተደጋግፈው ስላረጋገጡት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ እንዴት ተቋቋመ?

በአሜሪካ የመጀመሪያው የታሪክ ማኅበር በ1791 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የተመሠረተው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ነው። ዋናው መሥራች ጄረሚ ቤልክናፕ የተባሉ ቄስ ነበሩ። የእሳቸውም አሳብ በየሰው ቤት ተበትኖ የሚገኘውን ደብዳቤና መዝገብ መሰብሰብ፣ ከዚያም አባዝቶ ማሳተም ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ ቤት ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል፤ በብዙ ቅጂ የታተመ ግን በአንዱ ቤት ቢጠፋ በሌላው ይገኛልና።

ይህ ከሆነ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1821 ዓ.ም.፣ የኤሴክስ አውራጃ ሰዎች የራሳቸውን የታሪክ ማኅበር በሳሌም ከተማ አቋቋሙ። ሳሌም ከቦስተን ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ በ1626 ዓ.ም. የተቆረቆረች የባሕር ወደብ ናት። ስሟን ያገኘችው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መልከ ጼዴቅ የነገሠባት ሳሌም ማለት ነው፤ ትርጓሜውም ሰላም ነው። ይህች ስሟ ሰላም የሆነ ከተማ በዓለም የታወቀችው ሰላም በራቀበት ዘመኗ መሆኑ የሚያሳዝን ነገር ነው።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኦገስተስ ሆልዮክ የተባሉ ሐኪም ነበሩ። ለዚህ ሹመት ሲመረጡ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ በ1829 ዓ.ም. ዐረፉ። የእኒህን ሐኪም ስም አድማጮቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ1848 ዓ.ም. የታሪክ ማኅበሩ በዚያው አውራጃ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ከሚመረምር ሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ «ኤሴክስ ኢንስቲትዩት» ተባለ። ከ1859 ዓ.ም. ጀምሮ የአውራጃውን ታሪክ የሚመለከቱ ጽሑፎችን የያዘ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ አንድ የእንጨት ቤት ከነበረበት ወደ ማኅበሩ ግቢ አስወስዶ፣ እንደ ጥንቱ አድርጎ በማደስ ለሕዝብ አሳየ። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮም የአውራጃው ጥንታዊ የፍርድ ቤት መዛግብት ተራ በተራ እየታተሙ ወጡ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች የዕለት ሥራቸውን ካከናወኑ በኋላ ተሰብስበው፣ አቧራ የለበሰ መዝገብ እያገላበጡ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተጻፈውን እየገለበጡ፣ አሮጊቶችን እየጠየቁ የሠሩት ነው።

የ1692 ዓ.ም. መከራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በመጀመሪያ ግን አንድ ቃል መግለጽ ያስፈልጋል። በአገራችን ጠንቋይ ሲባል የሚታሰበን በአብዛኛው ገንዘብ ተቀብሎ የተሰወረውን እገልጣለሁ የሚል ሰው ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዞችና በኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች ዘንድ ግን ቃሉ ከሰይጣን ጋር ተዋውሎ በማይታይ ኃይል ሰውንና ከብትን የሚጐዳ ማለት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከጠንቋይ ይልቅ በእኛ ዘንድ «ቡዳ ነው» እየተባለ በጎረቤት ላይ የሚወራውን ሐሜት ይመስላል። ልዩነቱ በዚያ አገር ሐሜቱ በሕግ እንደ ወንጀል ተቈጥሮ በሞት የሚያስቀጣ መሆኑ ነው።

በ1692 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የሳሌም መንደር በሚባለውና ዛሬ ዳንቨርስ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ፣ በቄሱ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች በማይታወቅ ሕመም ተያዙ። አንዷ የ9 ዓመት ልጁ፣ ሁለተኛዪቱ የ11 ዓመት የእኅት ልጅ ተብላ የምትጠራ ዘመዱ ነበረች። ይጮኻሉ፣ ይንፈራገጣሉ፣ ወጋን ነከሰን ይላሉ። ምክንያቱ ጥንቆላ ነው ተባለ። «ማን አስጠነቈለባችሁ?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ የሦስት ሴቶችን ስም ጠሩ፤ አንዲት ለማኝ፣ አንዲት በሽተኛ፣ አንዲትም ቲቱባ የተባለች የዚያው የቄሱ ቤት ባሪያ።

ከዚያ በኋላ ክሱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 የማያንሱ ሰዎች ተከሰሱ። ከታሰሩትም መካከል ገና 5 ዓመት ያልሞላት ወይም በዚያ ገደማ የምትሆን አንዲት ሕፃን ነበረች፤ እናቷ በኋላ ተሰቀለች። አገረ ገዢው ዊሊያም ፊፕስ በግንቦት ወር ልዩ ችሎት አቋቋመ። ችሎቱም «የእከሊት መንፈስ ሌሊት መጥታ አነቀችኝ» የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ ተቀበለ። አድማጮቼ እንደሚረዱት ለእንዲህ ያለው ምስክርነት መከላከያ የለውም። ተከሳሹ በዚያች ሌሊት ቤቱ ተኝቶ እንደ ነበረ ቢያስመሰክር እንኳ፣ ሥጋው ተኝቶ መንፈሱ ሄዷል ይባላልና።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ጥንቆላውን አምነው የተናዘዙት ሰዎች ከመስቀል መዳናቸው፣ «አላደረግሁም» ብለው በእውነት የጸኑት ግን መሞታቸው ነው። ሰኔ 10 ቀን አንዲት ሴት፣ ሐምሌ 19 ቀን አምስት ሴቶች፣ ነሐሴ 19 ቀን አምስት ሰዎች፣ መስከረም 22 ቀን ስምንት ሰዎች ተሰቀሉ። በጠቅላላው 14 ሴቶችና 5 ወንዶች ናቸው። ጋይልስ ኮሪ የተባለ ዕድሜው 80 ዓመት ያህል የሆነ ባላገር በችሎቱ ለመዳኘት እሺ ባለማለቱ፣ መልስ እንዲሰጥ ለማስገደድ በደረቱ ላይ ድንጋይ እየተጫነ ሞተ። ቢያንስ አምስት ሰዎችም በወህኒ ቤት አለቁ።

በጥቅምት ወር አገረ ገዢው ልዩ ችሎቱን አፈረሰ። ዘግይቶ ጸጸት መጣ። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሰዋል በጥር 14 ቀን 1697 ዓ.ም.፣ ለጾምና ለንስሐ በታወጀው ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱንና ኀፍረቱን የሚገልጽ ጽሑፉ በቄሱ አፍ ተነበበ። በ1706 ዓ.ም. ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷ የነበረችው አን ፑትናም በጉባኤው ፊት ይቅርታ ለመነች። በ1711 ዓ.ም. የግዛቱ መንግሥት ለብዙዎቹ የጥፋተኝነት ፍርዳቸው እንዲሻር አድርጎ፣ ለወራሾቻቸው 578 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ካሣ ፈቀደ።

ቦታው እንዴት ተረሳ?

በጥንቆላ የተፈረደበት ሰው በተቀደሰ መቃብር አይቀበርም ነበር። በ1700 ዓ.ም. በሎንዶን መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ካሌፍ ስለ አንዱ ሟች ሲተርክ፣ አስከሬኑ ከተሰቀለበት ወርዶ በገመድ እየተጐተተ፣ በዓለቶች መካከል ጥልቀቱ ሁለት ጫማ ያህል በሆነ ጉድጓድ እንደ ተጣለ ጽፏል። ከአገሩም ሰው አብዛኛው በነገሩ ስላፈረ፣ የገዳዮቹም የሟቾቹም ልጆች በአንድ መንደር ጎረቤት ሆነው ስለሚኖሩ፣ ምልክት የሚያቆም ሰው አልተገኘም። መዝገቡም ቢሆን ማን እንደ ተሰቀለና መቼ እንደ ተሰቀለ ይናገራል እንጂ ከኮረብታው በየትኛው በኩል እንደ ሆነ አይናገርም።

ስለዚህ ነገሩ ለአፍ ታሪክ ተተወ። በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በ1766 ዓ.ም. ሳሌምን ሲጐበኝ የጠንቋዮች ኮረብታ ወደሚባለው ስፍራ እንደ ወሰዱትና ከጥቂት ዓመታት በፊት በመቃብሮቹ ላይ ዛፎች እንደ ተተከሉ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ዘመን እያለፈ ሲሄድ «የመስቀያ ኮረብታ» የሚለው ስም ለኮረብታው በሙሉ ሆነ፤ ሰዉም ቦታው ከላይ ከጫፉ ላይ ነው ይል ጀመር። ቻርልስ አፕሃም የተባለው ጸሐፊ በ1867 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ይህንኑ ስላጸና፣ የጫፉ አስተያየት እንደ እውነት ተቈጠረ።

በዚህ መካከል ሌሎች ተረቶችም በዙ። ጠንቋዮቹ በእሳት ተቃጠሉ ይባላል፤ ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። በእንግሊዝ ሕግ የጥንቆላ ቅጣት ስቅላት ነበርና በሳሌም በእሳት የሞተ አንድም ሰው የለም። ቲቱባም አፍሪቃዊት ነበረች፣ በምድጃ ዳር ለልጃገረዶቹ አስማት ታስተምር ነበር ይባላል። የፍርድ ቤቱ መዛግብት ግን ሕንዳዊት እያሉ ይጠሯታል፤ የቀረውን በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ደራስያን ጨመሩበት። ሽማግሌው ኮሪ ሊሞት ሲል «ክብደት ጨምሩብኝ» አለ፣ ሸሪፍ የሚባለውን የፍርድ አስፈጻሚና ከተማዪቱንም ረገመ ይባላል፤ ርግማኑ በኋላ ዘመን የተጨመረ ተረት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ «የአፍ ታሪክ ሁሉ ውሸት ነው፣ መጣል አለበት» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የጣለው እንደ ሆነ ትልቅ ነገር ያጣል። ይህንም አሁን እናያለን።

የሞግዚቲቱ ቃል

ከላይ ስማቸውን ያነሣኋቸው ሐኪም ሆልዮክ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው 30 ዓመት በፊት፣ በ1791 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዚያ ደብዳቤ፣ ጆን ሲሞንድስ የተባለ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የሳሌም ሰው በዚያ ሰሞን መሞቱን ይናገራሉ። ይህ ሽማግሌ የተወለደው በዚያው በመከራው ዓመት ነው። እናቱ እሱን ወልዳ በአራስ ቤት ተኝታ ሳለች ታስታምማት የነበረችው ሞግዚት፣ በክፍሉ መስኮት ስትመለከት የተሰቀሉትን ሰዎች በኮረብታው ላይ ማየቷን ልጁ ካደገ በኋላ ደጋግማ ነገረችው፤ እሱም ለሐኪሙ ነገራቸው፤ ሐኪሙም ጻፉት።

በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ይህ የሞግዚቲቱ ቃል ወደ መቶ ዓመት በአንድ ሰው አፍ ከኖረ በኋላ ለመረሳት ጥቂት ሲቀረው በመጽሐፍ ገባ ማለት ነው። ሐኪሙ ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ወይም «የአሮጊት ወሬ ነው» ብለው ቢንቁት ኖሮ ለዘለዓለም ይጠፋ ነበር።

ሲድኒ ፐርሊ የተባለ የዚያ አውራጃ ተወላጅ የሆነ ጠበቃና የታሪክ ተመራማሪ፣ በ1921 ዓ.ም. በኤሴክስ ኢንስቲትዩት መጽሔት የተሰቀሉበት ቦታ የት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። የሠራበት ዘዴ ለማስተማሪያ የሚሆን ነው። በመጀመሪያ የድሮውን የርስት ውልና የመሬት መዝገብ መርምሮ ሲሞንድስ የተወለደበት ቤት የት እንደ ነበረ ፈለገ፤ ቀጥሎም ከዚያ ቤት መስኮት የሚታየው የትኛው የኮረብታው ክፍል ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ፣ ካሌፍ የጻፈውን የዓለት ጉድጓድ ፈለገ። ሦስተኛ፣ የተፈረደባቸው በጋሪ ይወሰዱ እንደ ነበረ ስለሚታወቅ፣ ጋሪ ሊወጣው የሚችለው የትኛው አቀበት ነው ብሎ አሰበ፤ ጫፉ ቀጥ ያለና አስቸጋሪ ነውና።

ከዚህም ጋር የሚስማማ ሌላ የአፍ ታሪክ ነበረ። በሐምሌ 19 ቀን ከተሰቀሉት አንዷ ርብቃ ነርስ የተባሉ የ71 ዓመት ደግ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው በሌሊት በጀልባ መጥተው አስከሬናቸውን ሰርቀው በርስታቸው እንደ ቀበሩ በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል። ከኮረብታው ጫፍ እስከ ውኃው ሩቅ ነው፤ ከታች ካለው ዓለታማ ተረተር ግን በዚያ ዘመን ውኃው ቅርብ ነበር። ስለዚህ ፐርሊ ቦታው ከጫፉ ሳይሆን ከግርጌው ከፍ ብሎ ባለው «ፕሮክተርስ ሌጅ» በሚባለው ዓለታማ ስፍራ ነው ብሎ ደመደመ።

የሳሌም ከተማ ማዘጋጃ ቤትም በ1936 ዓ.ም. ከዚያ መሬት ጥቂቱን ለመታሰቢያ እንዲሆን ያዘ። ይሁን እንጂ ምልክት ሳይደረግበት ስለ ቀረ እንደ ገና ተረሳ። ቁጥቋጦ በቀለበት፣ በዙሪያው ቤት ተሠራ፣ ከግርጌው የመድኃኒት መደብር ተከፈተ። አገር ጐብኚው ሁሉ ወደ ጫፉ እየወጣ ባልሆነ ቦታ ያዝን ነበር።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተገኘ ምስክር

በእኛ ዘመን ጥቂት የታሪክ ምሁራን ነገሩን እንደ ገና ለመመርመር ተሰበሰቡ። ከእነርሱም መካከል የሳሌም ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ኤመርሰን ቤከር፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቤንጃሚን ሬይና የመከራውን ታሪክ ቀን በቀን የጻፈችው ማሪሊን ሮች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች ከፍርድ ቤቱ መዛግብት ውስጥ አንዲት አነስተኛ ዓረፍተ ነገር አስተዋሉ። ርብቃ ኤምስ የተባለች ተከሳሽ በነሐሴ 19 ቀን ለምርመራ ወደ ሳሌም ስትወሰድ፣ ከኮረብታው በታች ባለ ቤት በቆየችበት ጊዜ ስቅላቱን ከሚመለከቱት ጥቂት ሰዎች ማየቷን ለመርማሪዎቹ ተናግራ ነበር። ጸሐፊው ይህን የጻፈው ለቦታው አስቦ አይደለም፤ ቢሆንም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ምስክር ሆነ።

መርማሪዎቹ ያ ቤት የነበረበትን ቦታ ለይተው፣ በኮምፒዩተር የተሠራ የመሬት አቀማመጥ ካርታ በመጠቀም ከዚያ ምን እንደሚታይ ፈተሹ። የኮረብታው ጫፍ ከዚያ አይታይም፤ ፕሮክተርስ ሌጅ ግን ይታያል። ደግሞም መሬቱን ሳይቈፍሩ በመሣሪያ ቢመረምሩት አፈሩ በጣም ስስ ሆኖ ተገኘ፤ የመቃብር ምልክትም አልታየበትም። ስለዚህ ሟቾቹ በዚያ ተቀብረው አልቀሩ ይሆናል፤ ዘመዶቻቸው በሌሊት እየመጡ ወሰዷቸው የሚለው የየቤተሰቡ ትረካ ከዚህ ጋር ይስማማል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ቦታው መረጋገጡ ለሕዝብ ተነገረ። ፐርሊ ከ95 ዓመት በፊት የጻፈው ልክ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምስቱ ሴቶች በተሰቀሉበት በ325ኛው ዓመት፣ በዚያ ስፍራ መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያው ግማሽ ክብ የሆነ ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ሲሆን፣ የ19ኙ ሰዎች ስም በየድንጋዩ ተቀርጾበታል፤ በመካከሉም አንድ የወርካ ዛፍ ያህል ሊሰፋ የሚችል የባሉጥ ችግኝ ተተክሏል። በምረቃው ላይ የሟቾቹ ተወላጆች ተገኝተው ነበር። የአያት ቅድመ አያት ስም ከወንጀለኛ መዝገብ ወጥቶ በክብር ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ማየት ምን ማለት እንደ ሆነ ለአድማጮቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በዚያው አውራጃ የሚገኙ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በ1711 ዓ.ም. ሕግም፣ በኋላ በ1957ና በ2001 ዓ.ም. በወጡት ሕጎችም ስሟ ሳይነጻ የቀረ ኤልሳቤጥ ጆንሰን የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ሞት ተፈርዶባት በምሕረት የዳነች ናት። ልጆችም ስላልነበሯት የሚከራከርላት ተወላጅ አልነበረም። ተማሪዎቹ ከአስተማሪያቸው ጋር መዝገቡን መርምረው ለግዛቱ ሸንጎ አቤቱታ አቀረቡ፤ በ2022 ዓ.ም. በሕግ ነጻ ወጣች። ተወላጅ ለሌላት ሴት የትምህርት ቤት ልጆች ተወላጅ ሆኑላት።

የመዛግብቱ ባለቤት ማን ነው?

ሆኖም የታሪክ ማኅበር ሥራ ያለ ክርክር የሚሄድ አይደለም። ኤሴክስ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ከሌላ የሳሌም ሙዚየም ጋር ተዋሕዶ የፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም ሆነ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሙዚየሙ የመጻሕፍትና የመዛግብት ክፍሉን ከሳሌም አውጥቶ ሮውሊ በምትባል በዚያው አውራጃ በምትገኝ ሌላ ከተማ እንደሚያኖር ሲያስታውቅ የሳሌም ሰዎች ተቈጡ። «አባቶቻችን ደብዳቤአቸውንና መዝገባቸውን የሰጡት በከተማችን እንዲቀመጥ ነው» አሉ። ሙዚየሙ በበኩሉ ብራናና ወረቀት የሚጠበቅበት ሰፊና ተስማሚ ቤት በሮውሊ መገኘቱን አስረዳ። መዛግብቱም ወደዚያ ተዛወሩ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ሙዚየሙ በአደራ ይዟቸው የነበሩትን 527 የ1692 ዓ.ም. የችሎት ሰነዶች ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንደሚመልስ አስታወቀ።

ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ እኔ አልተነሣሁም። ነገር ግን ከክርክሩ አንድ ነገር እንማራለን። ወረቀት የሚጠበቀው ከእሳትና ከብል ብቻ አይደለም፤ ከባለቤቶቹ ዓይን እንዳይርቅም መጠበቅ አለበት። ሰው ያልደረሰበት መዝገብ በሣጥን ውስጥ እንዳለ ይረሳል።

ሌላም አደጋ አለ፤ እሱም ተረቱ ገበያ መሆኑ ነው። በሳሌም የፖሊሶች ዓርማ ላይ በመጥረጊያ የምትበር ጠንቋይ ተሥላለች። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ከተማዪቱን ብዙ መቶ ሺህ እንግዶች ያጥለቀልቋታል፤ ሾጣጣ ቆብ ይሸጣል፣ ጭንብል ይሸጣል። ሳሌም በዚህ እንጀራዋን ስለምታበስል መንቀፍ አይገባ ይሆናል። ነገር ግን ከተሰቀሉት 19 ሰዎች መካከል አንድም ጠንቋይ አልነበረም። ይህን ለእንግዳው የሚያስታውስ ሰው ከሌለ፣ ሟቾቹ ጠንቋዮች ናቸው ተብለው እንደ ገና ይከሰሳሉ።

ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነት

አድማጮቼ ይህች ከተማ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል ይሉ ይሆናል። የሳሌም መርከቦች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቡና ለመግዛት ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳለችው ወደ ሞካ ወደብ ይመላለሱ ነበር። ነጋዴዎቿም በዛንዚባር ተቀምጠው በኒው ኢንግላንድ ፋብሪካ የተሠራውን ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ሁሉ ሸጡ፤ ጨርቁም በዚያ አገር «መሪካኒ» ተባለ። እኛ አቡጀዲ የምንለው ዓይነት ነው። በ1903 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ የአሜሪካ ጨርቅ በአገራችን ገበያ እጅግ የሚፈለግ ዕቃ ነበር። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ያ የሳሌም ሙዚየም የኢትዮጵያን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት የሚያሳይ ታላቅ ኤግዚቢሽን በአዳራሹ አስተናግዷል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኔ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ።

አንደኛ፣ የአፍ ታሪክን መስማት ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። የሳሌም ሕዝብ «ከጫፉ ላይ ነው» ሲል ተሳሳተ፤ አንዲት ሞግዚት «በመስኮት አየሁ» ስትል ግን ልክ ነበረች። ልዩነቱ የሞግዚቲቱ ቃል ማን እንዳየ፣ ከየት ሆኖ እንዳየ፣ ለማን እንደ ተናገረ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ተረት የሚጽፍ ሰው ተረቱን ብቻ ሳይሆን የነጋሪውንም ስም፣ ነጋሪው የሰማበትንም ሰው፣ ቦታውንም መጻፍ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ታሪክ የሚጠብቅ ሰው የሚያኮራውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውንም መጠበቅ አለበት። የኤሴክስ ሰዎች አባቶቻቸው የሠሩትን ግፍ መዝገብ ቢያቃጥሉ ኖሮ፣ ነገሩ ይጠፋ አልነበረም፤ ተረቱ ብቻ ይቀር ነበር። መዝገቡ በመቀመጡ በደለኞቹ ታወቁ፣ ንጹሓኑም ነጹ።

ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብም ሆነ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሆልዮክ የሚያስፈልጋቸው አንድ ወረቀትና አንድ ቀለም ነበር፤ ከዚያም በላይ የአንድን ሽማግሌ ወሬ እስኪያልቅ ለማድመጥ ትዕግሥት። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በእያንዳንዳችን ቤት ወይም በጎረቤታችን ይገኛል። ዛሬ ማታ ቀርበን «አባቴ፣ ይህ ቦታ ስለ ምን በዚህ ስም ተጠራ?» ብለን ብንጠይቅና የሚሉንን ከነስማቸውና ከነቀኑ ብንጽፈው፣ ያ ወረቀት ከመቶ ዓመት በኋላ ለማን ምስክር እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።